ሊንኩ ደርሶናል፣ ወረቀቱስ ከየት ይመጣል?

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። የምጽፍልዎ ግን ስለ እህቴ ልጅ ነው። ዕድሜዋ 18 ነው። ያደገችው ከጣና ማዶ፣ ቁንዝላ በኩል ነው። 9ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ 10ኛ ልትገባ ስትል በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። አንድ ዓመት ጠበቀች። ሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ እናቷ «እዚህ ተቀምጣ ከምትዳርብኝ አንቺ ጋ ትሁን» ብላ ላከችልኝ።

ከመጣች ወራት ተቆጠሩ። ትምህርት ቤት ላስመዝግባት ስል አለቀሰች። «ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ ምን ልባል ነው? እቤት ሆኜ በስልክ እማራለሁ» አለችኝ። ቀን ቀን እኔን ታግዛለች፤ ልጆቼን ትይዛለች። ማታ ስልኳ ላይ ናት።

ወንድማችን አሜሪካ ነው። ጉዳዩን ስነግረው አንድ ሊንክ ላከልን። የቤት ውስጥ ትምህርትና የጂኢዲ መርጃዎች ያሉበት ነጻ ማውጫ ነው አለ። ከፍተን አየነው። ስም በስም ላይ ተደርድሯል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የቱን ተጭነን የቱን እንደምንተው ግራ ገባን። እሱ «ጂኢዲ ትፈተን፤ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ማለት ነው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች» ይላል። እሷም ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አትፈልግም። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ሰው አግኝታ «በሦስት ሳምንት ያለ ፈተና የአሜሪካ ዲፕሎማ እናስገኛለን» ብሏታል። የጠየቀው ገንዘብ የእኔን የሁለት ወር ገቢ ያህላል።

ባለቤቴ «ልጅቷ ትልቅ ናት፤ ስፌቱን አስለምጃትና ትሥራ» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኑሮው ከብዶት ነው። እኔም ያቆምኩት 8ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ የምለይበት ዕውቀት የለኝም። እናቷ አደራ ሰጥታኛለች። ምን ላድርግ?

አደራ የከበዳት አክስት፣ ከባሕር ዳር


መልስ

ውድ እህቴ፣

«የምለይበት ዕውቀት የለኝም» ብለሻል። የሁለት ወር ገቢሽን ከማውጣትሽ በፊት ቆም ብለሽ የጠየቅሽ ሴት ነሽና ይህን አልቀበልሽም።

ከሚያስቸኩለው ልጀምር። የቴሌግራሙን ሰውዬ ዛሬውኑ ተዉት። ጂኢዲ የአሜሪካን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላልጨረሱ ሰዎች የተዘጋጀ ፈተና ነው፤ ያለፈ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር አቻ የሆነ ማስረጃ ያገኛል። አራት ክፍሎች አሉት፤ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ እና ማኅበራዊ ጥናት። እያንዳንዱ ከ100 እስከ 200 ባለ ነጥብ ይታረማል። ለማለፍ በእያንዳንዱ 145 ማምጣት ያስፈልጋል። ተፈታኙ ራሱ ይቀመጣል፣ ማንነቱ ይጣራል። ሳይፈተኑ የሚገኝ ጂኢዲ የለም። ሰውየው የሚሸጠው ባዶ ወረቀት ነው፤ ያንን ይዛ አንድ ቢሮ ብትገባ ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመታወቂያዋን ፎቶም እንዳትልክለት። ቀድማ ልካለት ከሆነም አትጩሂባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ የከረመች ልጅ ናት፤ ቶሎ የሚሆን ነገር አለ ሲሏት ብታምን አይገርምም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሐሳብ እንምጣ። እሱ አልዋሸሽም። ጂኢዲ እውነተኛ ነገር ነው። የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ሲሆን መጀመሪያ የታሰበው ለአሜሪካ ወታደሮች ነበር። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ወጣቶች ነበሩ። ከዘመቻ ሲመለሱ እንደገና ከታዳጊዎች ጋር ክፍል ከሚገቡ፣ የሁለተኛ ደረጃ ዕውቀት እንዳላቸው ተፈትነው ያሳዩ ተባለ። ይህን ለልጅቷ ንገሪያት። በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ የከበደው ሰው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ትወቅ።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ የሚሠራበት ቦታ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪውም ኮሌጁም ጂኢዲን ያውቀዋል። እዚህ ሀገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ዋናው መንገድ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከውጭ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ደግሞ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ሀገር ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ ይመረመራል ማለት ነው። ወንድምሽ «ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች» ሲል በሐሳቡ ያለው የሚኖርበት ሀገር ነው። ፈተናው ራሱም የተሠራው ለዚያ ሀገር ሰው ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ስፓኒሽ ነው። የማኅበራዊ ጥናቱ ክፍል አብዛኛው ስለ አሜሪካ መንግሥት አሠራርና ታሪክ ይጠይቃል። ቁንዝላ ያደገች ልጅ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ማጥናት ትችላለች፤ አእምሮዋ አያንሳትም። ግን ያን ሁሉ ለፍታ የምታገኘው ወረቀት እዚህ ምን ይሠራላታል? መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህ ነው።

ስለዚህ ለወንድምሽ ደውዪለትና አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ «ልጅቷን ወደዚያ የመውሰድ ሐሳብ አለህ ወይ? ካለህስ የተጀመረ ነገር አለ?» በይው። የተጀመረ ነገር ካለ ጂኢዲ አያመልጣትም፤ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ እዚያ ከደረሰች በኋላ አዋቂዎችን በነጻ የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች በብዙ ከተማ አሉ። የተጀመረ ነገር ከሌለ ግን ሕይወቷ እዚህ ነውና ለእዚህ የሚሆን ወረቀት እንፈልግላት። ወንድምሽ መልሱን ቢያድበሰብስ እንኳ አትቀየሚው፤ ከሩቅ ሆኖ የቻለውን ነው የላከው። «ለሊንኩ እናመሰግናለን፤ ብር መላክ ከቻልክ ደግሞ ለዳታና ለትምህርት ቤት አድርገው» በይው።

ማውጫውን ስታዩ ግራ የገባችሁ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አሜሪካ ውስጥ ልጅን እቤት ማስተማር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በ50ውም ግዛቶች። ሕጉ ግን ግዛት በግዛት ይለያያል። በአንዳንዱ ግዛት እናት ራሷ አስተማሪም ናት፣ ዲፕሎማ ፈራሚም ናት። ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ማውጫዎች የበዙት፤ ወላጆች መጽሐፉን፣ ቪዲዮውን፣ መልመጃውን፣ የየግዛታቸውን ሕግ አንድ ቦታ ላይ ይፈልጋሉ። አንቺ ግን ለእህትሽ ልጅ ዲፕሎማ ብትፈርሚላት እዚህ ማን ይቀበልሻል? ማውጫው ገበያውን ያሳያል እንጂ ሽሮውን አይሠራም። ስሙ የተዘረዘረ ሁሉ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የተዘረዘረ ሁሉም ነጻ አይደለም።

ሆኖም ሊንኩን እንዳትጥሉት። ለወረቀት ባይሆንም ለመማር በጣም ይጠቅማታል። አብራችሁ ክፈቱትና እንዲህ አጥሩት። ስለ ግዛቶች ሕግ የሚያወራውን እለፉት። የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቀውን እለፉት፤ «ፍሪ ትራያል» የሚል ካያችሁ ለጥቂት ቀን ብቻ ነጻ ነው ማለት ነው፣ ከዚያ ማስከፈል ይጀምራል። ከሚተርፈው ውስጥ ሦስት ስሞች ፈልጉ፤ ካን አካዳሚ፣ ሲኬ-12፣ ኦፕንስታክስ። ካን አካዳሚ ሒሳብና ሳይንስን ከታች ጀምሮ በቪዲዮና በመልመጃ ያስተምራል። ሲኬ-12 በምዕራፍ የተከፋፈሉ የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት አሉት። ኦፕንስታክስ የአሜሪካው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ይወርዳሉ። ከበድ ስለሚሉ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ትቆያቸው። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ሦስቱም ግን ዲፕሎማ አይሰጡም፤ ይህን ከአሁኑ ትወቀው።

በቂ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ይበዛሉ። ብዙ ሊንክ ያለው ሰው ሲያማርጥ ይመሻል። እኔ ብሆን በካን አካዳሚ ሒሳብ ብቻ እጀምር ነበር።

መሪው ግን የኛው መማሪያ መጽሐፍ ይሁን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጅቷ ቋንቋውን እንደምትፈራው ያህል አታጣውም። የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ በፒዲኤፍ ከሰው ስልክ ወደ ስልኳ ይተላለፍላት። ማውጫ ገጹን ትክፈት፤ የመጀመሪያውን ርዕስ ታንብብ፤ ያልገባትን ርዕስ በእንግሊዝኛ ስሙ ካን አካዳሚ ላይ ትፈልገው። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ ታድርገው፣ የሌሊት ጥቅል ገዝታም የሳምንቱን አውርዳ ታስቀምጥ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን መጽሐፉ ስልኳ ላይ አለ። ደብተርና እስክሪብቶ ግን የግድ ነው፤ ቪዲዮ እያዩ መተኛት መማር አይደለም።

ከደንበኞችሽ መካከል በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የሚማር ልጅ የለም? ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሒሳብ ቢያሳያት፣ አንቺ ደግሞ ስፌቱን በነጻ ብትሠሪለት ሁለታችሁም አትጎዱም። ሴት ተማሪ ብትሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ልጅቷ የሚያስፈልጋት የሒሳብ ማብራሪያ ብቻ አይመስለኝም። ከገጠር መጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት እህት በቅርብ ብታይ ብዙ ነገር ይቀላታል።

አሁን ወደ ለቅሶዋ ልመለስ፤ ከሊንኩ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ምን ልባል ነው» ያለችው ዕድሜዋን ብቻ ፈርታ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ? ምናልባት በአነጋገሯ ይስቁብኛል ብላ ይሆናል። ምናልባት የተማረችውን ረስታው እንደሆነ ሰግታ ይሆናል። ምናልባትም አብረዋት የነበሩት ጓደኞቿ ስለተዳሩ፣ እሷ ብቻ ደብተር ይዛ መሄዷ ይጨንቃት ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ልትጠይቂያት ትችያለሽ። ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቂያት። ስፌት ላይ ሆናችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ይዞ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ሲሆን ይቀላል። «ለምን አትሄጂም?» ከማለት «ክፍል ውስጥ ስትገቢ ምን ይታይሻል?» በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት፤ ወዲያው አታጽናኛት።

አንድ ነገር ግን ልትነግሪያት ትችያለሽ። በዚህ ክልል ዓመት የጠፋበት ተማሪ ብዙ ነው። ዛሬ 10ኛ ክፍል ብትገባ 18 ዓመት የሞላው ተማሪ ብርቅ አይሆንባትም። ያም ሆኖ ከከበዳት የማታ ትምህርት አለ። የማታ ክፍል ውስጥ ቀን ሲሠራ የሚውል፣ ልጅ የወለደ፣ ከእሷም የሚበልጥ ሰው ይቀመጣል። እዚያ ማንም ዕድሜዋን አይቆጥርም። «ተመዝገቢ» አትበያት፤ አንድ ምሽት አብራችሁ ሄዳችሁ በር ላይ የሚገቡትን ሰዎች እዩ። ሲመሽ ብቻዋን እንዳትመለስ ደግሞ ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ ማን ይሸኛታል? ከሰፈራችሁ አብራት የምትማር ሌላ ሴት ትኖር ይሆን?

አንድ የሚከብድ ጥያቄም አለኝ። እየወቀስኩሽ እንዳልሆነ እመኚኝ። ልጅቷ ቀን ቀን ልጆችሽን ትይዛለች ብለሻል። ትምህርት ቤት ብትገባ ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል? «እቤት ሆኜ በስልክ እማራለሁ» ያለችው አንቺን ላለማስቸገር ቢሆንስ? ባለውለታ መሆን የሚሰማት ልጅ እንዲህ ታደርጋለች። መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ፤ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት። ቢያንስ እቤት ሆና በምታጠናበት ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ማንም የማይጠራት ሰዓት ይኑራት። ያለዚያ በስልክ መማር የሚባለው ማታ ደክሟት ስልክ መነካካት ሆኖ ይቀራል።

ባለቤትሽ ያለውም መሰማት አለበት። ስፌት የትምህርት ጠላት አይደለም። ቀን ከአንቺ ጋር ሰፍታ ማታ መማር ትችላለች። ሙያውን በደንብ ከያዘች ደግሞ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚሉት አለ፤ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ተመዝኖ ማስረጃ ያገኛል። «ወይ ስፌት ወይ ትምህርት» ብላችሁ አትከራከሩ፤ «ሁለቱም በየትኛው ሰዓት?» ብላችሁ ተነጋገሩ። ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሦስት ዓመት ነው፤ ይህን አትደብቂው። ስትጨርስ 21 ዓመቷ ነው። 21 ዓመት ያው መምጣቱ አይቀርም፤ ተማረችም አልተማረችም።

የ12ኛ ክፍል ፈተናውም ቀላል እንዳልሆነ ከአሁኑ እወቁ። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ላስፈራራሽ አይደለም። ግማሽ ካላመጡት ውስጥ የተወሰኑት በሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ሌላ ዕድል አግኝተዋል። ይህን የምነግርሽ የወንድምሽ ሊንክ ትክክለኛ ጥቅሙ የት እንደሆነ እንዲታይሽ ነው። ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀች ልጅ ከ9ኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ያጎደለችውን ሳትሞላ 12ኛ ብትደርስ ይከብዳታል። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ወደኋላ አይመለስላትም፤ ቪዲዮው ግን አሥር ጊዜም ብትደግመው አይሰለቻትም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለእህትሽ ደውዪና የልጅቷ የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤት፣ የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት እና ከትምህርት ቤቱ የሚሰጠው መሸኛ እንዲፈለግ ንገሪያት። ትምህርት ቤቱ ሰው ከሌለው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። መንገዱ እስኪመች ለአሁኑ በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፤ ዋናው በኋላ ይመጣል። ይህ ከሁሉም ይቅደም፤ ምክንያቱም መስከረም ሲደርስ ወረቀት የሌለው ልጅ ነው ደጅ ላይ የሚቀረው።

ከዚያ ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ ሂጂ፤ እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው። ልጅቷንም ይዘሻት ሂጂ። ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ይሁን። አንደኛው፣ ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት ልጅ ማስረጃዋ ባይሟላ በምን ትመዘገባለች? ሁለተኛው፣ በአቅራቢያችን 10ኛ ክፍልን በማታ የሚያስተምር የትኛው ትምህርት ቤት ነው? ሦስተኛው፣ አንድ ሰው ጂኢዲ ይዞ ቢመጣ እዚህ ሀገር በምን ይስተናገዳል፣ የአቻ ግምቱን የሚሠራውስ ማን ነው? መልሱን ከቢሮው ሰው አፍ ራሷ ትስማ። አንቺ ብትነግሪያት የአሜሪካውን አጎቷን የተቃወምሽባት ይመስላታል።

እስከ መስከረም ድረስ ደግሞ እቤት መማር የሚለውን ሐሳቧን አክብሪላት። «እሺ፣ በስልክ ተማሪ፤ በየእሑዱ የሠራሽውን ደብተር አሳዪኝ» በያት። ሒሳቡ ባይገባሽ ግድ የለም፤ ገጹ መሞላቱን ታያለሽ። እያደር ደስ ብሏት ከቀጠለች ትምህርቱ ላይ ፍርሃት እንደሌለባት ታውቂያለሽ፤ የፈራችው ሰዉን ነው ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሞክራ ከተወችው ደግሞ እቤት መማር ብቻዋን እንደሚከብዳት ራሷ አይታዋለች፤ «አላልኩሽም?» አትበያት።

ቢሮው ስለ ጂኢዲው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ፤ ከውጭ ሊንክ ተልኮላቸው ምን እናድርገው የሚሉ ሌሎች ቤተሰቦችም አሉና።